ሜዳው ይሞላል ወይስ አንድ ቀን ሞላ?

የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር የትኛው ከተማ ይካሄድ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ጢም ብሎ የሞላ ስታዲየም ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው ባዶ ወንበር የሚታይበት ፎቶ ይዞ ይመጣል። «እኛ ጋ ሕዝብ አለ»፣ «እናንተ ጋ ማን ይመጣል?» ይባባላሉ። ከመቶ ኮሜንት በኋላም ያመነ ሰው የለም። የሚገርመው ሁለቱም ፎቶ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ችግሩ አንድ ፎቶ የአንድ ቀን ወሬ መሆኑ ነው።

ነገሩ ጉራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ብለን እናልፈው ነበር። ግን አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ሊጉ በየክለቡ ሜዳ መዞሩን ትቶ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄድ ጀመረ። በዚያ ዓመት አስተናጋጆቹ አምስት ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ከተማ ሲመረጥ ለሳምንታት ሆቴሉ ይያዛል፣ ባጃጁ ይሠራል፣ ጀበና ጥዳ የምትሸጠው እናት ገበያዋ ይደራል። ሳይመረጥ ሲቀር ደግሞ የአጋሮና የየቡ ልጅ ተጫዋቾቹን የሚያየው በስልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ተመልካች አለ፣ የለም» የሚለው ንግግር እንጀራም ዕድልም ያለበት ንግግር ነው።

የጅማን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ከፍታውም ዝቅታውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መታየቱ ነው። ጅማ አባ ቡና በ2009 የውድድር ዓመት ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ መጥቶ፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት ቀድሞ የ2010 ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር እስከ መጋጠም ደረሰ። በ2014 ደግሞ ወረደ። እስቲ አሁን «የጅማ አማካይ ተመልካች ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የየትኛው ጅማ? ዋንጫ የሚያሳድደው፣ ላለመውረድ የሚታገለው፣ ወይስ በኮቪድ ገደብ ዘመን ውድድር ያስተናገደው? ሁሉን አንድ ላይ ደምሮ ማካፈል ቁጥር ይሰጣል፤ መልስ ግን አይሰጥም።

አማካይ እንዴት እንደሚሸውድ በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የማንም ከተማ አይደሉም። ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ከተሞች እያንዳንዳቸው አራት ጨዋታ አስተናገዱ እንበል። ቁጥሩ በሺህ ነው፦

ከተማ ሀ፦ 7፣ 8፣ 8፣ 9። አማካይ 8።
ከተማ ለ፦ 5፣ 6፣ 6፣ 7። አማካይ 6።
ከተማ ሐ፦ 3፣ 4፣ 4፣ 5። አማካይ 4።

እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የሀ ዝቅተኛ ቀን እንኳ ከሐ ምርጥ ቀን ይበልጣል። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦

ከተማ ሀ፦ 1፣ 3፣ 8፣ 20። አማካይ 8።
ከተማ ለ፦ 1፣ 2፣ 6፣ 15። አማካይ 6።
ከተማ ሐ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 10። አማካይ 4።

አማካዮቹ ያው 8፣ 6 እና 4 ናቸው። ዜና ላይ የሚወጣው ርዕስም ያው ይሆናል፦ «ከተማ ሀ በተመልካች ሁለት እጥፍ በለጠ!» ግን እውነት በለጠ? ሀን ያስበለጠው 20 ሺህ ሰው የመጣበት አንድ ቀን ነው። ምናልባት ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ኢትዮጵያ ቡና የተጫወተበት ቀን ይሆናል። ያ ጨዋታ ዕጣው ለሐ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ደረጃው ሊገለባበጥ ይችል ነበር።

በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር የሚናገር መሣሪያ አለ። አኖቫ ይባላል፤ በአማርኛ የልይይት ትንተና ልንለው እንችላለን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው የከተሞቹ አማካዮች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው። ሁለተኛው በአንዱ ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ከጨዋታ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላል። ውጤቱ ኤፍ የሚባል ቁጥር ነው። ኤፍ ትልቅ ከሆነ የከተሞቹ ልዩነት ከተለመደው መዋዠቅ በላይ ነው ማለት ነው። ወደ 1 የቀረበ ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ያየነው ልዩነት ዕድል ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነው።

ምሳሌዎቻችንን ስናሰላቸው የመጀመሪያው ኤፍ 24 ይመጣል። ሁለተኛው 0.37 ብቻ ነው። በሦስት ከተማና በ12 ጨዋታ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት፣ መስመሩ 4.26 ላይ ነው። አንደኛው መስመሩን ዘሎ ያልፈዋል፤ ሌላው አጠገቡም አይደርስም። አማካዩ ግን አንድ ነበር። ስለዚህ አማካይ ብቻውን ሲነገራችሁ «መዋዠቁስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጀርመኑ ዶርትሙንድ ሜዳ 81 ሺህ 365 ሰው ይይዛል፤ በየሳምንቱም ስለሚሞላ አማካዩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት በሚወጣና በሚወርድበት ሜዳ ግን አማካይ ግማሽ ወሬ ነው።

ይህ መሣሪያ ለጅማ ሰው ባዳ አይደለም። የፈለቀው ከእርሻ ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1919 እ.ኤ.አ. ሮትሃምስተድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጥሮ፣ የትኛው ማዳበሪያና የትኛው ዘር ይሻላል የሚለውን ለመለየት ሲሠራ ያደረጀው ዘዴ ነው። ኤፍ የሚለው ስምም ለእሱ ክብር የተሰጠ ነው። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው መልኮ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን የሚያወዳድረው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። 74110 እና 74112 የሚባሉትን ዝርያዎች ቡና የሚያለማ ቤተሰብ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ሲያጠቃ፣ በሽታውን ከሚቋቋሙ ዛፎች ተመርጠው የወጡ ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበት ዓመት ነው። መቼም አንድ ዛፍ በአንድ ዓመት ብዙ ስላፈራ «በቃ ምርጡ ይሄ ነው» ብሎ ለገበሬ የሚያድል ተመራማሪ የለም። በተለያየ ቦታ ይተክላል፣ ይደጋግማል፣ ከዚያ ያወዳድራል። ለቡና ዛፍ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ከተማ ስንፈርድ ለምን እንተወዋለን?

«ታዲያ ከተሞቹን ሁለት ሁለት እያደረግን ብናወዳድርስ?» የሚል አይጠፋም። አምስት ከተማ ካለ ጥንዶቹ 10 ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ 5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ከፈቀድን፣ ከ10ሩ ቢያንስ በአንዱ የሌለ ልዩነት «አለ» የማለት ዕድላችን ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ብዙ ጊዜ ከፈለጋችሁ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ፤ ፌስቡክ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አኖቫ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። ልዩነት ካለ በኋላ ብቻ ነው የትኛው ከየትኛው ይለያል ወደሚለው የሚኬደው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ጅማና ዙሪያዋ፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ዓመቱ የሚቆጠረው በቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ቡና ይለቀማል። ያኔ እጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ኪስ ግን ገንዘብ ያያል። ለቀማው ሲያልቅ ጊዜ ይተርፋል፤ ወራቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ ብሩ እየሳሳ ይሄዳል። ታዲያ ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ስታዲየም የሚገባው ወጣት የትኛው ወቅት ላይ ይበዛል? ሁለቱም ግምት ያስኬዳል፤ ቆጥሮ ማየት ነው። ግን አስቡት፦ ውድድሩ ወደ ጅማ በለቀማ ወቅት ቢመጣና ወደ ሌላ ከተማ በዕረፍት ወቅት ቢሄድ፣ ያወዳደርነው ከተሞቹን ነው ወይስ ወቅቶቹን? የሐሙስ ገበያም አለ። ሐሙስ ከሰዓት የሚደረግን ጨዋታ ሌላ ከተማ ላይ እሑድ ከተደረገው ጋር ማስተያየት ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ፊሸር ለዚህም መላ ነበረው። አንዱ መሬት ተዳፋት፣ ሌላው ሜዳ ከሆነ፣ ሁሉንም ዘር በሁለቱም ላይ ዝራና ተዳፋቱን ከተዳፋት፣ ሜዳውን ከሜዳ ጋር አወዳድር ነው የሚለው። ወደ ኳስ ስናመጣው የእሑድን ከእሑድ፣ የትልቅ ክለብን ጨዋታ ከትልቅ ክለብ ጨዋታ፣ የለቀማን ወር ከለቀማ ወር ጋር ማለት ነው።

መሣሪያው ግን ገደብ አለው፤ ያለ አቅሙ አናሸክመው። አኖቫ «ልዩነት አለ» ይላል እንጂ «ምክንያቱ ይህ ነው» አይልም። የትኬት ዋጋ ይሁን፣ ትራንስፖርት፣ ጸጥታ ወይም የቡድኑ ውጤት፣ ያንን ለመለየት ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል። በተሰባሰበ ውድድር ደግሞ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ስለሚኖር፣ ሁለቱንም ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ሁለቴ ከተቆጠረ ስሌቱ ይበላሻል። የሜዳ ስፋትም አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሰፊ ነው፤ እዚያ ግማሽ ባዶ የሚመስል ፎቶ ትንሽ ሜዳ ላይ ጢም ካለው ፎቶ የበለጠ ሰው ሊይዝ ይችላል። ደግሞም ኤፍ አነሰ ማለት ከተሞቹ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። አራት ጨዋታ ብቻ ከሆነ የቆጠርነው ገና አላወቅንም ማለት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቁጥር ሲኖር ነው። ውጤቱን እናውቃለን፣ ግብ አግቢውን እናውቃለን፣ ቢጫ ካርዱን እናውቃለን። ከውጤቱ ጎን «ተመልካች ይህን ያህል» የሚል መስመር አይታችሁ የምታውቁት ስንት ጊዜ ነው? የሊጉ አክሲዮን ማህበርና አስተናጋጅ ከተሞች የተሸጠውን ትኬት ቁጥር ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከዋጋው ጋር ለሕዝብ ቢያወጡ ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ የቴሌግራም ፖስት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አንድ የስታቲስቲክስ ተማሪ ከሰዓቱን ተቀምጦ በኤክሴል ይጨርሰዋል። ቁጥሩ ለጅማ ላይፈርድ ይችላል፤ እሱም መታወቅ አለበት። ዛሬ ግን ጅማም ሆነች ሌላዋ ከተማ የሚፈረድባት በማን ፎቶ ብዙ ሼር እንደተደረገ ነው።

እስከዚያው እናንተም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ሜዳ ስትገቡ ፎቶውን ስትለጥፉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጋጠሙትን ቡድኖችና የትኬቱን ዋጋ አብራችሁ ጻፉ። ሜዳው የሞላ ቀን ብቻ ሳይሆን የሳሳ ቀንም ለጥፉ። «የጅማ ሰው ኳስ ትቷል» ወይም «እንደ ጅማ ሕዝብ የለም» የሚል ሲመጣ ደግሞ ስድብ ሳትጨምሩ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ስንት ጨዋታ ቆጠርክ? ከጨዋታ ጨዋታስ ምን ያህል ይለያያል?