የማይበላ ዘይት፣ የሚበላ መሬት

ሰሞኑን የታተመ አንድ ጽሑፍ፣ ከጉሎና ከጃትሮፋ የሚሠራ ባዮዲዝል የነዳጅ ወጪያችንን ያቃልላል፣ ዘይቱ ስለማይበላም ከማንም ጉሮሮ አይነጥቅም ይለናል። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና ወደ መርካቶ የሚመላለሰው ናፍጣ በሊታ ሁሉ በአገር ዘይት ቢሄድ ማን ይጠላል? ክርክሩ ግን ገና ከመነሻው ያነክሳል። ከምግብ ጋር የሚሻማው ዘይቱ ሳይሆን መሬቱ፣ ውሃውና የገበሬው ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂ ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ለጃትሮፋ ተስማሚ ነው ብሎ ነበር፤ ከብት የሚግጥበት መሬት ወረቀት ላይ «ባዶ» ሲባል ስሌቱ ማማሩ አይቀርም። በዚያው ሰሞን በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ልማት ከተሰጠው መሬት ከፊሉ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ሆኖ ተገኘ። ዝሆኖቹ ባዶ መሆኑን አልሰሙም ነበር።

«ጃትሮፋ ድርቅ ይችላል» መባሉ እውነት ነው፤ መኖርና ማፍራት ግን ለየቅል ናቸው። በደረቅ መሬት አይሞትም፤ ጥሩ ምርት እንዲሰጥ ግን እንደማንኛውም ሰብል ውሃና ለም አፈር ይፈልጋል። የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚተርፈው ፋጉሎ ከብት ያደልባል፤ የጃትሮፋው ግን መርዛማ ነውና መርዙ ካልወጣለት ለመኖ አይሆንም። ጉሎማ ይባስ፦ ዘይቱ እጅግ ወፍራም በመሆኑ ባዮዲዝሉ ብቻውን የናፍጣን መመዘኛ አያሟላም፤ በመድኃኒት፣ በቀለምና በማለስለሻ ቅባት ገበያ ግን ተፈላጊ ነው። ውዱን ሸጦ ርካሹን መግዛት ሲቻል ውዱን ማቃጠል ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

በባቲ አካባቢ ጃትሮፋ አጥር ነው፤ ከአጥሩ የተለቀመውን ፍሬ ጨምቆ ለመንደር መጠቀምን የሚቃወም የለም። ጸሐፊው ግን ከዚያ አጥር ተነስተው የአገር ቦቴ ይሞላሉ።