ራይደር ሳትነቃ ያለቀ ታሪክ

«ፊታቸው ነው አይደል ያስጠላህ?» አለኝ ወዳጄ፣ ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ።

አጠና ተራ አካባቢ ሻይ ልንጠጣ ተቀጣጥረናል። ማስ ኢፌክት አንድሮሜዳን ከሰፈር ጌም ጫኝ ዘንድ በሃርድ ዲስክ አስገልብጦ ላፕቶፑ ላይ ከጫነው ወዲህ ሌላ ወሬ የለንም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች እንዲጫወት የወተወትኩት እኔ ነኝ። እነሱን ሲጫወት እኩለ ሌሊት እየደወለ «ይሄን እንዴት ላድርገው?» ይለኝ ነበር። አራተኛውን ከጀመረ በኋላ ግን መደወሉን ተወ። ጌሙ እንዳልያዘው ያወቅኩት በዚህ ነው።

«ፊት አይደለም» አልኩት። «ፊቱን ዓለም ሁሉ አይቶታል። በፈረንጆቹ ማርች 2017 ጌሙ ሲወጣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ከንፈራቸው ከንግግራቸው ጋር የማይሄድ ሰዎች ቪዲዮ ኢንተርኔቱን ሞላው። ግን አንተም እኔም በፊት የምንቀየም ሰዎች አይደለንም። የመጀመሪያው ክፍል በ2007 ሲወጣ ሊፍት ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ እንውል ነበር፤ ማኮ የሚሉት መኪናም ጠጠር በነካ ቁጥር እየነጠረ ይገለበጥ ነበር። ለዚህ ብሎ የተወው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን እንዳሰረን ላስታውስህ። ሬክስን ምን አደረግከው?»

ወዳጄ አንገቱን ደፋ። «ገድዬዋለሁ። ቪርማየር ላይ መሣሪያ ሲደቅንብኝ ላረጋጋው አልቻልኩም።»

ይህን መልስ ፈልጌው ነበር። ክሮጋኖች ልጅ እንዳይወልዱ ሳላሪያኖች በሚባል ሌላ ሕዝብ ላቦራቶሪ የተሠራ በሽታ ተለቆባቸው፣ ዘራቸው እየመነመነ ያለ ሕዝብ ናቸው። ሬክስ ደግሞ አብሮን የሚዋጋ ክሮጋን ነው። ቪርማየር የምትባል ፕላኔት ላይ የበሽታው መድኃኒት አለበት የተባለውን ቤተ ሙከራ እንድናፈነዳ እንታዘዛለን፣ እሱም ጓደኞቹን ፊት ለፊት ተጋፍጦ «ሕዝቤስ?» ይላል። ያንን ሰዓት በቃል ያላለፈው ሰው ሬክስን ይቀብራል። ይህ የ2007ቱ ክፍል ነው። በ2012 ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ መድኃኒቱን ለመስጠት ክሮጋኖች አገር ቱቻንካ እንሄዳለን፤ እኔን እዚያ የተቀበለኝ ሬክስ ነው። «አንተንስ?» አልኩት።

«ወንድሙ። ሪቭ የሚባለው። በቀል ብቻ የሚያወራው ሰውዬ።»

«አየህ! ያንተ ቱቻንካና የእኔ ቱቻንካ አንድ አገር አይደሉም። እኔ ሳይንቲስቱ ሞርዲን መድኃኒቱን ሊረጭ ማማው ላይ ሲወጣ ደስ እያለኝ ነው ያለቀስኩት፣ የምተማመንበት መሪ ታች ቆሟልና። አንተ ግን የምትሰጠውን ሕይወት ማን እንደሚረከበው እያየህ ተጨንቀህ ነው የወሰንከው። አምስት ዓመት ሙሉ ያደረግነውን ይዞ ቆይቶ የጠየቀን ጌም ነው። ሴቭ ፋይላችንን ከክፍል ወደ ክፍል ስናሻግር የምናሻግረው ውለታና በደል ነበር። ሁለተኛው ክፍል በ2010 ሲወጣ ከመቶ 96 ያሰጠው ተኩሱ ብቻ አይመስለኝም። ወደ መጨረሻው ጉዞ ማንን ለየትኛው ሥራ እንደመደብክ፣ ቀደም ብለህ ችግሩን ሰምተህ የረዳኸውና ያልረዳኸው ማን እንደነበር አይቶ፣ ሰው የሚያተርፍልህና የሚገድልብህ በዚያ ነው።»

ወዳጄ ስኳሩን አማሰለ። «እሺ፣ አንድሮሜዳ ግን አዲስ ታሪክ ነው። አዲስ ሰው፣ አዲስ ጋላክሲ። የድሮውን ውሳኔ ከየት ያምጣው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ለምን አዲስ ጋላክሲ አስፈለገ? ወዳጄ የተጫወተው በ2021 ታድሶ የወጣውን ቅጂ ስለሆነ፣ የሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ማብቂያ ምን ያህል ሰው እንዳስቆጣ አላየም። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከምነው ውሳኔ መጨረሻ ላይ ሦስት ምርጫ ሆኖ ቀረበ፤ ቀይ ብርሃን፣ ሰማያዊ ብርሃን፣ አረንጓዴ ብርሃን። የመረጥከው ቢለያይም የምታየው ፊልም አንድ ይመስል ነበር። ተጫዋቾቹ ቁጣቸውን ያሳዩት ገንዘብ አዋጥተው ነው፤ ለታመሙ ሕፃናት ሆስፒታል መጫወቻ ለሚያቀርብ የበጎ አድራጎት ድርጅት 80 ሺህ ዶላር ገደማ ሰበሰቡ። የጌሙ ሠሪ ባዮዌር በ2012 ጁን ላይ የተብራራ ማብቂያ በነፃ አወጣ። እኔ ያንን ድርጊቱን እስከ ዛሬ አከብርለታለሁ፤ የሠራውን ሥራ ቆሞ ተቀብሏል።

ቀጣዩ ክፍል ግን አንድ ጥያቄ ነበረበት፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው ወይስ አረንጓዴው ሆነ? መልሱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አንድሮሜዳ መልሱን ሸሸው። ጉዞው የተጀመረው በ2185፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል መካከል እንዲሆን ተደረገ፤ መቶ ሺህ ያህል ሰው በበረዶ እንቅልፍ ከ600 ዓመት በላይ ተኝቶ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ተሻገረ። የሦስቱ ክፍሎች ጀግና ሼፓርድ ምን እንደመረጠ የሚያውቅ ሰው እንዳይኖር! የድሮ ሰፈሩን ዕዳ ላለመክፈል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሰፈር የገባን ሰው ይመስለኛል። ሰውዬው ከዕዳው ቢያመልጥም የሚያውቁትን፣ የሚቀብሩትን፣ ልጁን የሚመርቁለትን ሰዎችም ትቷቸው ሄዷል።

«በጣም ከበድክባቸው» አለ ወዳጄ። «ሸሽቶም ቢሆን ጥሩ ታሪክ ሊሠራ ይችላል።»

«ይችላል! ጥሩ ታሪክ ነበራቸውም። ኔክሰስ የሚባለውን ጣቢያ ታሪክ አዳምጠኸዋል? ከባለታሪኳ ከራይደር መርከብ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ደርሷል። የሚጠብቁት ለም አገር የለም። ምግብ አለቀ፣ መሪዎቹ ሞቱ፣ ሕዝቡ አመፀ። ክሮጋኖች አመፁን እንዲያበርዱ በአመራሩ ውስጥ ወንበር ቃል ተገባላቸው፤ ካበረዱ በኋላ ቃሉ ታጠፈ፣ ተቆጥተው ኤላደን ወደሚባል በረሃ ሄዱ። አማፂዎቹ ወደ ካዳራ ተባረሩ። እስኪ አስበው፣ ከዚህ የበለጠ ማስ ኢፌክት የሆነ ነገር አለ? ቃሉን የሚያጥፈው ማነው፣ የሚጠብቀውስ? ማንን ታባርራለህ፣ ማንን ታቆያለህ? ያ ሁሉ ያለቀው ግን ራይደር ሳትነቃ ነው። እኛ የምንሰማው በወሬ ነው። ስንነቃ የተሰጠን ሥራ ማዕድን መቆፈር፣ ዕፅዋት መመዝገብና የጥንት ማሽኖችን በር በሱዶኩ መክፈት ሆነ።»

ወዳጄ ሳቀ፤ ሱዶኩው ላይ ብዙ ሌሊት አባክኗል።

አንድሮሜዳ ላይ የምናገኛቸው አንጋራዎቹስ? ከሌላ ጋላክሲ የመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሕዝብ ሲያገኝ የሚፈራው፣ የሚሳሳተው፣ ቋንቋ የሚያጣው ነገር መኖር አለበት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲታደል ጣቢያ ስንገባ ሃናር፣ ኤልኮር፣ ቮለስ እያልን አፋችንን ከፍተን ነበር የምንዞረው፤ እያንዳንዱ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ሃይማኖት፣ የራሱ ቂም ነበረው። አንድሮሜዳ ሙሉ ጋላክሲ ተሻግሮ ያመጣልን ሁለት ሕዝብ ነው፣ አንጋራና ኬት። አንዱ ወዳጅ፣ አንዱ ጠላት። አንጋራዎቹ ጋር በደረስን ብዙም ሳንቆይ ዕቃ ፍለጋ እየላኩን ነው።

«አምስት ዓመት ሠርተውት ነው ይሄ የሆነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ የመለሰው ጄሰን ሽራየር የተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ ጌሙ በወጣ በሦስተኛው ወር ሠሪዎቹን አነጋግሮ ረጅም ዘገባ ጻፈ። የመጀመሪያው ሐሳብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶችን በኮምፒውተር ቀመር እየፈጠሩ ተጫዋቹ እንዲያስሳቸው ማድረግ ነበር። ዓመታት ከደከሙበት በኋላ ታሪክ ካለው ጌም ጋር አልዋሃድ ሲላቸው ተዉት። ጌሙ የተገነባበት ፍሮስትባይትም ዳይስ የተባለው የስዊድን ስቱዲዮ ለባትልፊልድ ጦርነት ጌሞች የሠራው ነው፤ ለተኩስና ለሰፊ መልክዓ ምድር ግሩም፣ ውይይትና ምርጫ ለበዛበት ታሪክ ግን ብዙ ነገር የሚጎድለው። የሠራውም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች የሠራው የኤድመንተኑ ቡድን ሳይሆን የሞንትሪያሉ ቅርንጫፍ ነበር። በዘገባው መሠረት የምንጫወተው ጌም አብዛኛው የተሠራው በመጨረሻዎቹ 18 ወራት ነው። እኔ ይህን ሳነብ በሠራተኞቹ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ጠፋ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያንን ያህል ማድረሳቸው የሚደነቅ ነው። የምወቅሰው «ጨርሱትና ይሸጥ» ያለውን ውሳኔ ነው።

ይህ ውሳኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ኮልፌ ያለውን ልጅ ነው። ወዳጄ ይህን ስለው ቅንድቡን አነሳ።

«አስበው እንጂ። ከእፎይታ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገባ የምታየው ኳስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሒሳቡ በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ ጠባቂ ከኋላ ቆሟል። አርባ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ እዚያ ቤት አይቀመጥም፤ ሴቭ ያደረግከውን ነገ ሌላ ልጅ ይደመስስብሃል። ስለዚህ ታሪክ የሚወድ ልጅ እንዳንተ ላፕቶፕ ፈልጎ፣ ሃርድ ዲስክ ተውሶ፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቆ ነው የሚጫወተው። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር አላስገባም። ኢንተርኔቱም ብዙ ጊጋባይት ለማውረድ የሚደፈር አይደለም። አንድሮሜዳ ከወጣ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዓይኑንና ከንፈሩን ያሻሻለ ፓች ተለቆ ነበር። አንተ አግኝተኸዋል?»

«ምን አግኝቼ! እንደተገለበጠ ነው።»

«ያው ነው። ሌላው ዓለም ‹ወደፊት ይስተካከላል› ብሎ ይገዛል። ሳይበርፐንክ በ2020 ተሰባብሮ ወጥቶ በ2023 ሰው ሆነ፤ ኖ ማንስ ስካይም ከ2016 ውርደቱ በዓመታት ሥራ ተነሳ። ለሃርድ ዲስክ ልጅ ግን የመጀመሪያው ቀን ቅጂ የመጨረሻው ቅጂ ነው። ሳይጨርሱ መልቀቅ እዚህ ሰፈር ይቅርታ የለውም።»

አንድሮሜዳ ደግሞ እንደነዚያ አልታገሉለትም። ኦገስት 2017 ላይ፣ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው፣ ለታሪኩ ክፍል ሌላ ማስተካከያም ሆነ ተጨማሪ ምዕራፍ እንደማይመጣ ተነገረ። የሞንትሪያሉ ስቱዲዮ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ተቀላቀለ። ጌሙ መጨረሻ ላይ ኳሪያኖች ከሚባሉ ሕዝብ መርከብ «አትምጡ» የሚል የጭንቅ መልእክት ይሰማል፤ ምን እንዳገኛቸው ግን ጌሙ አይነግረንም። የዚያ መርከብ ታሪክ በ2018 በልብ ወለድ መጽሐፍ ወጣ። እኔን ከፊቱም፣ ከሱዶኩውም በላይ ያመመኝ ይህ ነው። የተጨነቀ ሰው ድምፅ አሰምቶ ጥሎ መሄድ፣ ያውም የተገባን ቃል ስለመጠበቅ ባስተማረን ጌም ውስጥ።

«በቃ ልተወው?» አለ ወዳጄ።

«አትተወው! ድራክን ትተህ ልትሄድ ነው?»

ድራክ ሽማግሌ ክሮጋን ነው፤ ከልጅ ልጁ ከኬሽ ጋር ያለው ፍቅር ከሦስቱ ክፍሎች ምርጥ ገጾች አያንስም። የራይደር አባት የተዋቸውን ትዝታዎችም ፈልገህ ጨርስ አልኩት፤ መጨረሻቸውን አልነግርህም። ተኩሱም ከሁሉም ክፍሎች ይበልጣል፤ ጀርባህ ላይ ባለው ሞተር ዘለህ አየር ላይ ተንጠልጥለህ ስትተኩስ ከድንጋይ ኋላ መሸጎጥ ቀረ። የማዕድኑን ለቀማና የየፕላኔቱን ጥቃቅን ተልዕኮ ግን እለፈው፤ ጌሙን የገደለው እሱን ሁሉ ልጨርስ ማለት ነው። ያለ እነሱ ከተጫወትከው ውስጡ ያለው ታሪክ ይታይሃል።

«አዲሱ ማስ ኢፌክትስ?» አለኝ። «ራይደርን ረስተው ወደ ሼፓርድ ቢመለሱ ይሻላል።»

እዚህ ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ኖቬምበር 2020 ባዮዌር አዲስ ክፍል እየሠራ መሆኑን አሳውቋል። በቀጣዩ ወር በወጣው አጭር ፊልም ሁለቱም ጋላክሲዎች ይታያሉ፤ የሼፓርድ የድሮ ባልደረባ ሊያራም በረዶ ላይ ስትወጣ እናያታለን። ብዙ ተጫዋች የወዳጄን ሐሳብ ይጋራል፣ አንድሮሜዳ እንዳልተሠራ ይቆጠር ይላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከሦስተኛው ክፍል ማብቂያ ሸሽተው አንድሮሜዳን ሠሩ፤ አሁን ከአንድሮሜዳ ቢሸሹ ያንኑ ጥፋት መድገም ነው። ራይደርን ያምጧት። የኳሪያኖቹ መርከብ የት ደረሰ? ክሮጋኖች ለተሰበረው ቃል ምን መልስ አገኙ? ይጠይቁን፤ እኛም ያደረግነውን እንንገራቸው።

ወዳጄ ብዙ አልመለሰልኝም። የሻዩን ሒሳብ እየከፈለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። የሳላሪያኖቹን መርከብ ሊያስለቅቅ ገብቷል፤ ከኬት እስረኞች መካከል የሳላሪያኖቹ መሪ ራኤካ አለች፣ የድራክ ክሮጋን ቃፊሮችም አሉ፤ ማዳን የሚቻለው አንዱን ወገን ነው፣ ድራክ ደግሞ አጠገቡ ቆሟል። ትናንት ማታ መብራት የሄደው እዚያ ላይ ነው።

«አንተ ማንን አዳንክ?»

«ክሮጋኖቹን። አንድ ጊዜ ተክደዋል፣ በእኔ እጅ አይደገምም ብዬ።»

«እኔ ራኤካን ነው የማድናት» አለ ተነስቶ። «ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ያለ መሪ ሲቀር ማየት አልፈልግም። ድራክ ቢቆጣም ይቆጣ።»