መምህርና ደቀ መዝሙር

የወሩ 24ኛ ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መታሰቢያ መሆኑን የማያውቅ ያገራችን ሰው ጥቂት ነው። ሐምሌ 24 ቀን ግን ካቶሊካውያን አንድ ሌላ ሐዋርያ ጭምር ያስባሉ፤ ቀኑ በፈረንጆች ጁላይ 31 ነው። እርሳቸውም ባገራቸው ጁስቲኖ ዴ ያኮቢስ፥ በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቡነ ያዕቆብ በ1800 ሳን ፌሌ በምትባል በደቡብ ኢጣልያ በምትገኝ ከተማ ተወለዱ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን ሆነው በ1839 ዓድዋ ሲገቡ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን፤ በዚያ ዕድሜ ግእዝን፥ አማርኛንና ትግርኛን ተማሩ፤ ያገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ ጥቂት ሰዎችንም ሰብስበው ባገሩ ቋንቋ መስበክ ጀመሩ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኞች በላኩ ጊዜ እርሳቸውም አብረው ሄዱ። ተልእኮው አቡነ ሰላማን አስገኘ፤ ኋላ በካቶሊኮች ላይ የበረቱባቸውም እኚሁ ጳጳስ ናቸው። ከመልእክተኞቹ መካከል ግን አባ ገብረ ሚካኤል የተባሉ አንድ ዓይና የጎጃም መነኩሴ ነበሩ። በ1791 ስለ ተወለዱ ከአቡነ ያዕቆብ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣሉ፤ የሃይማኖትን ነገር ከገዳም ገዳም እየዞሩ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ስድሳ ደርሶ ነበር። ባማርኛ የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ በማዘጋጀትም መምህራቸውን የረዱ እርሳቸው ናቸው፤ ማን ማንን አስተማረ ቢባል መልሱ ቀላል አይመስለንም።

በ1854 ሁለቱም ጎንደር ላይ ታሰሩ። መምህሩ ካገር እንዲወጡ ተደርገው በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ባሕር ዳርቻው ተመለሱ፤ ሽማግሌው ደቀ መዝሙር ግን በሰንሰለት ቀሩ። ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ቢገረፉም እምቢ አሉ፤ በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እንደ ታሰሩ ታመው ዐረፉ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የመምህሩን ታሪክ ብዙ ቀን ተማርን፤ የአባ ገብረ ሚካኤል ግን በሁለት መስመር አለፈ። ያን ጊዜ አልጠየቅንም፤ ዛሬ ቅር ይለናል።

ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በካቶሊካውያን ሥርዓት «ብፁዕ» ከ«ቅዱስ» የሚቀድም ማዕርግ ነው፤ «ቅዱስ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ሲባሉ መምህራቸው ገና ይህን ስም አላገኙም ነበር፤ ያገኙት በ1939 ነው፤ ይህም ኢትዮጵያ በጣልያን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ስለ ሆነ ነገሩን በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም አቡነ ያዕቆብ የሞቱት የኢጣልያ መንግሥት ከመታወጁ በፊት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ የተባሉት በ1975 ነው።

ጵጵስናን በ1849 ምጥዋ ላይ፥ ኋላ ካርዲናል ከሆኑት ከጉልዬልሞ ማሳያ እጅ ተቀብለው ነበር። በ1860 በሐምሌ ሙቀት ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጡ ንዳድ ጸናባቸው፤ ዓሊጋደ ከሚባለው ሸለቆ አላለፉም። ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ሥጋቸውን ወደ ሕቦ አወጡት። መቃብራቸው በዚያው በዛሬዪቱ ኤርትራ በአከለ ጉዛይ ነው፤ ሐምሌ 24 ሲደርስ ምእመናን ክረምቱን ሳይፈሩ ወደዚያ ይወጣሉ።