በቅሎዋ የእኛ፣ ልጓሟ የሻጩ



ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች በየቢሮአቸው የሚያውቁትን አንድ ችግር ለአንባብያን ለመግለጽ እፈልጋለሁ።

እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ፕሪንተር ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን ዋጋ መረጥን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። የመንግሥትን ገንዘብ ያዳንን መስሎን ነበር። ቀለሙ ባለቀ ጊዜ እንደ ልማዳችን ካርትሪጁን ቀለም ከሚሞላ ሰው ዘንድ ልከን በጥቂት ብር አስሞላነው። መሣሪያው ግን አልቀበልም አለ፤ ቀለሙ ሞልቶ ሳለ «ባዶ ነው» ይላል። ሻጩን ብንጠይቀው፣ የፋብሪካውን አዲስ ካርትሪጅ ከመግዛት በቀር መላ የለውም አለን። የካርትሪጁም ዋጋ ከፕሪንተሩ ዋጋ እኩሌታ የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው።

ግዥው እስኪፈቀድ ድረስ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ከገጠር የመጡ ሽማግሌ «ነገ ይመለሱ» እየተባሉ ሳምንት ሙሉ ተመላለሱ። ያን ፊርማዬን ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ነገሩ ብልሽት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። በብዙ ካርትሪጆች ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ዕቃው የፋብሪካው መሆኑን ለመሣሪያው ትነግራለች፤ የታተመውንም ትቆጥራለች። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ቀለም ቢጨመርም አታምንም። ኩባንያው መሣሪያውን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለሙ ይሰበስባል። በቅሎዋን ገዛን፤ ልጓሟ ግን በሻጩ እጅ ቀረ።

ይህ ክርክር በውጭ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በሌክስማርክ የካርትሪጅ ጉዳይ፣ ኩባንያ ዕቃውን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ገዢውን ሊያዝበት አይችልም ሲል ፈረደ። ፍርዱ ግን ቺፕዋን አልነቀላትም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና የእጅ ስልክ ያሉትን ዕቃዎች አምራቾቹ ከዋስትናው ዘመን በኋላም በተገቢ ዋጋ እንዲጠግኑ አዟል።

በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ታዲያ እኛ መቼ ጠየቅን? ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ብቻ አይተን የፈረምነው የእኛም ነው።

ነገሩ በፕሪንተር አያበቃም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ፊታችን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ይህም መኪና በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ስለ ሆነ፣ ባለጋራዡ የመመርመሪያውን ፕሮግራም ካላገኘ መፍቻ ብቻውን አይረዳውም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የግዥ ሠራተኞች፣ በፕሮፎርማው ላይ ከዋጋው አጠገብ ሦስት ጥያቄዎች እንጨምር። የሚያልቀውና የሚለወጠው ዕቃ ዋጋው ስንት ነው? መለዋወጫውስ ለስንት ዓመት ይቀርባል? ከሻጩ ሌላ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል ወይ? መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ።

አንድ የግዥ ኮሚቴ አባል
ከአዲስ አበባ