«ነገ» ሁልጊዜ «በማግስቱ» አይሆንም፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የእንግሊዝኛ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፍላችሁ ዳይሬክት ስፒችን ወደ ሪፖርትድ ስፒች መለወጥ በየትምህርት ቤቱ ስለሚሰጥበት መንገድ ነው። በሰሌዳው ግራ «ዊል»፣ «ቱሞሮው»፣ «ሂር»፣ «ዚስ» ይጻፋል፤ በቀኙ «ውድ»፣ «ዘ ኔክስት ዴይ»፣ «ዜር»፣ «ዛት»። ተማሪው ሰንጠረዡን ይሸመድዳል፣ አሥር ዓረፍተ ነገር ይለውጣል፣ ደብተሩ ይታረምለታል፤ ርዕሱም በዚያው አለቀ። ነገሩን ማን ለማን እንደተናገረው፣ አሁንስ ማን ለማን፣ መቼና የት ሆኖ እያወራው እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ርዕሱ ግን ያለ እነዚህ ጥያቄዎች ትርጉም የለውም። የቃል ለውጡ ሁሉ የሚመጣው አውሪው ከተናጋሪው በተለየ ቦታና ጊዜ ስለቆመ ነው፤ ርቀቱ ከሌለ ለውጡም አይኖርም።

አስቴር ካሳን ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ «ነገ እዚህ እጠብቅሃለሁ» አለችው እንበል። ካሳ ይህንኑ በዚያው ምሽት፣ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ለጓደኛው ቢነግረው፣ ቀኑ ገና አልደረሰምና በእንግሊዝኛም «ቱሞሮው» ባለበት ይቆያል፤ ቦታውም ያው ነውና «ሂር» አይነካም። ሳምንት ቆይቶ ደብረ ታቦር ላይ ቢያወራው ግን ሁለቱም ይለወጣሉ። «ዩ» ደግሞ ካሳ ራሱ ሲያወራ «ሚ»፣ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «ሂም» ይሆናል፤ አንዱ መጥቶ ነገሩን ለካሳ ቢያስታውሰው ደግሞ እዚያው «ዩ» ሆኖ ይቀራል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ትክክለኛ መልስ እያለው ሰንጠረዡ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በቴንሱም ያው ነው፤ የጂኦግራፊ መምህሩ መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ነገሩን ለማለት ግሱን ወደ ኋላ መመለስ ግዴታ አይደለም፤ መሬት ዛሬም እየዞረች ነውና።

የሚያስቆጨኝ ተማሪው ይህን ሁሉ በአማርኛ የሚችለው መሆኑ ነው። «በማግስቱ እዚያ እንደምትጠብቀኝ ነገረችኝ» ሲል መደቡን፣ ቀኑንና ቦታውን ማንም ሳይነግረው አስተካክሎ ነው። የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አማርኛ «እንደምትጠብቀኝ» ሲል ግሱን ወደ ኃላፊ አይመልስም፤ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በአማርኛ «አሞኛል አለ» ሲባል የታመመው ያው የተናገረው ሰው እንደሆነ አድማጩ ይገባዋል። ይህን ልማድ ይዞ «ሂ ሰይድ ዛት አይ አም ሲክ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን በእንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ ራሱን በሽተኛ አድርጓል። ይህ ተማሪ ነገ የጤና ባለሙያ ሆኖ አስታማሚ የነገረውን በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ያሰፍራል። ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ማለፍ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣ ሊነገረው ይገባል፤ ሰንጠረዡ ደግሞ ይህን አይነግረውም።

ፈተናው የሚጠይቀው ሰንጠረዡን ነው ትሉኝ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ጊዜውም ያጣድፋል። ነገር ግን ማን፣ ለማን፣ መቼ ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ የሰንጠረዡን መልስም ያገኘዋል፤ ሰንጠረዥ ብቻ የያዘው ግን ጥያቄው ትንሽ ዐውድ ከጨመረ ይጠፋበታል። ፈተናውም የሥራው መጨረሻ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያኑን መድፍ እንዲሠሩ ማዘዛቸውን በራሱ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ሪፖርትድ ስፒች እየጻፈ ነው።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ማስገባት ተማሪውን ያሰንፈዋል የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሰዓቱ በሙሉ በአማርኛ የሚያልቅበት ክፍል እንዳለ አልክድም። እኔ የምለው ግን ለማነጻጸሪያ የሚሆን አምስት ደቂቃ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የቅኔ ቤት ተማሪ የግዕዙን ሰዋስው በአማርኛ ይነገረዋል፤ ግስም ያጠናል፤ ግን ግስ በማጥናት አይለቀቅም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በግዕዝ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል። የጋይንቷ ቤተ ልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የኖረችው ተማሪው ምልክቱን ማወቁን ብቻ አይታ አይደለም፤ ዜማውን በመምህሩ ፊት እንዲወጣው ትጠይቀዋለች። በዚህ አገር ላደገ ልጅ የሰሌዳ ሰንጠረዥ ብቻ ሰጥቶ ተምረሃል ማለት ያንሰዋል።

ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። የምለው ሥራ ግን ሦስት ልጆች ከማስቆም የበለጠ አይጠይቅም፤ አንዱ ይናገር፣ ሁለተኛው ሰምቶ ለሦስተኛው ያውራ፤ ቀጥሎ ቀኑን ወይም ቦታውን ለውጣችሁ ያንኑ እንደገና አስወሩት፤ የቀረው ክፍል የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ይጻፍ። የየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንትም ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ፈተና ሲያወጣ ዓረፍተ ነገሩን ራቁቱን «ለውጡ» ብሎ ከማቅረብ ይልቅ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨምርበት፦ ይህን ካሳ ሰኞ ወገዳ ላይ ሰማው፤ ዐርብ መካነ ኢየሱስ ላይ ለእህቱ ሲያወራላት ምን ይላል?