የእጅ ፊርማና የምሥጢር ቁጥር በድንበር ገበያ

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። በመካከሏ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ያልፋል። በሰሜን በኩል ያለው ነዋሪ በብር፣ በደቡብ በኩል ያለው በሽልንግ ይገበያያል፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ቡርጂኛው፣ አማርኛውና ስዋሂሊው ግን በአንድ ገበያ ውስጥ ተቀላቅሎ ይሰማል። የሁለቱ አገሮች መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በከተማዋ መርቀዋል። የሞያሌ ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ጧት ውጭ አገር ሄዶ ለምሳ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ነበር።

ከዚህም የተነሣ «በውጭ አገር ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በምን ይጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ በሌላ ስፍራ የአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ጥያቄ ሲሆን፣ በሞያሌ ግን የስኳርና የዱቄት ሸማቾች ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከከተማዋም ወጥቶ ሄዷል። ዋልዳ በሰሜን ኬንያ በሞያሌ አካባቢ የምትገኝ የአርብቶ አደሮች መንደር ናት። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ለጥቂት ዓመታት ተጠልለውባት ነበር። ዛሬ በእንዲህ ያለ መንደር ፍየሉን የሚሸጥ ሰው የዋጋውን ገንዘብ በእጁ ሳይቈጥር በስልኩ ሊቀበል ይችላል። የኬንያው ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ የተባለውን አገልግሎት በ1999 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ስልኩ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ የቦርሳውም ቁልፍ አራት አኃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር፣ በተለምዶ ፒን የሚባለው ነው። በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥር ስድስት አኃዝ አለው። እንግዲህ ወሰኑን እየተሻገረች የምትነግድ አንዲት ሴት ለአንዱ ኪስ አራት፣ ለሌላው ኪስ ስድስት አኃዝ በልቧ ይዛ ትሄዳለች ማለት ነው።

ቁጥር ሳይመጣ በፊት የሰውን ቃል የሚያጸናው ፊርማው ነበር። ፊርማ ግን ጠባቂ የሚሆነው ናሙናው በሌላ እጅ ሲቀመጥ ነው። የቁጠባ ደብተር የያዘ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ወደ ባንክ ሲሄድ፣ ጸሐፊው ቀድሞ ከተቀመጠው የፊርማ ናሙና ጋር አስተያይቶ ይከፍለዋል። ደብተሩን የሰረቀ ሌባ ናሙናውን አላየውምና ማስመሰል ይቸግረዋል። በክሬዲት ካርድ ጊዜ ይህ ሥርዓት ተገለበጠ። የባለ ካርዱ ፊርማ በራሱ በካርዱ ጀርባ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። ካርዱን የሰረቀ ሰው የሚቀዳውንም ፊርማ አብሮ ሰረቀ። ማታ ክፍሉን ዘግቶ ሲለማመድ ቢያድር ጧት ከባለቤቱ በተሻለ ሊፈርም ይችላል። ከቶ እንዲህ ያለውን ዘዴ ማን አሰበው ያሰኛል!

በዚያ ላይ ፈራጁ ባለሱቁ ነው። በሩቅ አገር ያለ ባለሱቅ ደግሞ የእንግዳውን ፊርማ ለመመርመር ዕውቀቱም ፍላጎቱም የለውም። በኢትዮጵያ ፊደል የተፈረመ ካርድ ለናይሮቢ ወይም ለለንደን ገንዘብ ተቀባይ ቢቀርብለት፣ የፊደሉን ጅራት ከፊደሉ ራስ ለይቶ ያያል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። ገበያተኛው ተሰልፎ እየጠበቀ ሳለ የሚደረግ ምርመራ የይስሙላ ነው።

የምሥጢር ቁጥር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎው ገንዘብ ለሚከፍል መሣሪያ ካርድንና የምሥጢር ቁጥርን አጣምሮ በ1958 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በተከታዩ ዓመት፣ ሰኔ 20 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ጆን ሼፐርድ-ባሮን ያቀደው የገንዘብ መክፈያ መሣሪያ ከለንደን በስተ ሰሜን ባለችው ኤንፊልድ በባርክሌይስ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራውን ጀመረ። ሼፐርድ-ባሮን ኋላ እንደ ተናገረው፣ እርሱ ያሰበው ስድስት አኃዝ ነበር፤ ነገር ግን በማእድ ቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ባለቤቱን ካሮላይንን ቢጠይቃት ከአራት በላይ በቃሏ መያዝ እንደማትችል ነገረችው፤ አራትም ሆኖ ቀረ። በኢትዮጵያም የንግድ ባንክ የመጀመሪያዎቹን ስምንት መሣሪያዎች በአዲስ አበባ ተከለ።

አራት አኃዝ ጥቂት ይመስላል። ሆኖም ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ቁጥሮች ይገኛሉ። መሣሪያው ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ በኋላ የሚዘጋ ከሆነ፣ በግምት የሚሞክር ሌባ ከ10,000 ሦስት ዕድል ብቻ ይኖረዋል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ባለቤቱ ቁጥሩን በዘፈቀደ ከመረጠ ነው። 1234ን ወይም የተወለደበትን ዓመት የመረጠ ሰው በሩን ቆልፎ ቁልፉን መድረክ ላይ እንደተወ ይቈጠራል።

ብሪታንያ በካርዱ ላይ ቺፕ የምትባለውን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ አካል ካስገባች በኋላ፣ ከየካቲት 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ገዢዎች በፊርማ ፈንታ ቁጥራቸውን እንዲነኩ አደረገች። አሜሪካ ግን በፊርማው ጸንታ ቈየች። በዚህም ልዩነት መካከል የተቸገረው መንገደኛው ነበር። ባለ ፊርማ ካርድ የያዘ አሜሪካዊ በአውሮፓ ባቡር ጣቢያ ሻጭ ከሌለበት የትኬት መሣሪያ ፊት ሲቆም፣ መሣሪያው ቁጥር ይጠይቀዋል፤ ፊርማውን የሚያሳየው ሰው የለም። በመጨረሻም ቪዛ፣ ማስተርካርድ፣ አሜሪካን ኤክስፕረስና ዲስከቨር በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ነጋዴዎች ፊርማ የመቀበል ግዴታቸውን አነሡ። በቦታውም የምሥጢር ቁጥርን ግዴታ አላደረጉም። አንድ ሰው ቤቱን የሚጠብቅለት ዘበኛ አንቀላፋ ብሎ ቢያሰናብተውና ሌላ ዘበኛ ባይቀጥር እንደ ማለት ነው።

ቁጥር ከፊርማ ይሻላል ሲባል ግን ምንም እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በተሰረቀ ካርድና በሱቁ መሣሪያ መካከል ሌላ መሣሪያ በማስገባት ቁጥሩን ሳያውቁ ዕቃ መግዛት እንደሚቻል አሳይተዋል። በመካከል የገባው መሣሪያ ለካርዱ «ገዢው በፊርማ እየከፈለ ነው» ይለዋል፤ ለሱቁ መሣሪያ ደግሞ «ቁጥሩ ትክክል ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ተታልለው ሽያጩ ይፈጸማል፤ በደረሰኙም ላይ ቁጥሩ እንደተረጋገጠ ይታተማል። ገንዘቡን ያጣው ሰው ኋላ አቤት ቢል፣ ደረሰኙ ራሱ ይመሰክርበታል።

ከቁጥር ጋር የሚመጣው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊርማ ሲከራከሩበት ሊመረመር ይችላል፤ የእጅ ጽሑፍ ዐዋቂ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ «ይህ የእርሱ እጅ አይደለም» ሊል ይችላል። አራት አኃዝ ግን የማንም እጅ የለበትም። አባት ቢነካው፣ ልጅ ቢነካው፣ ሌባ ቢነካው ያው ነው። ፊርማ «ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በደካማው ይመልሳል፤ ቁጥር «ምሥጢሩን ያውቃል ወይ?» የሚለውን ብቻ ይመልሳል፤ ያወቀውንም ሁሉ እንደ ባለቤት ይቈጥራል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን አደጋ በፊርማ በኩል አስቀድሞ ዐይቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራውን ሊያኖር እንደሚችል ይፈቅዳል። ይሁንና ማንበብ የማይችል ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ምልክት፣ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ፣ የመዝገብ ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም። ሕጉ ያልተማረውን ሰው ከአታላይ ለመጠበቅ በመካከል አንድ ምስክር አቁሞለታል። አንዲት ፊደል ያልቈጠረች እናት በሞያሌ ገበያ ስልኳን አውጥታ ለስኳር ነጋዴው ገንዘብ ስታስተላልፍ ግን በመካከል የሚቆም ሹም የለም። ያለው አብሯት የመጣው ተማሪ ልጇ ነው። «እንካ ልጄ፣ ንካልኝ» ትለዋለች። ልጁ ከሌለ ስልኩን ለባለሱቁ ወይም ለገንዘብ ወኪሉ ትሰጣለች፤ ቁጥሩንም ሰው ሁሉ እየሰማ ትነግረዋለች።

እንዲህ የምታደርግ እናት ሞኝ አይደለችም። በድንበር ገበያ ንግድ የቆመው በመተማመን ነው። ዱቤ የሚሰጠው፣ ከብት የሚነዳው፣ ብርና ሽልንግ የሚመነዘረው ሰው ሰውን ስለሚያምን ነው። ለምታምነው ሰው ቁጥርን መደበቅ እርሱን መጠርጠር ይመስላታል። ባለሱቁም እርሷን አታልሏት አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩን የሰማው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዋ የቆመውም ሰምቷል። አንድ ቀን ገንዘቡ ቢጠፋ ባለሱቁም ልጁም ወኪሉም በእኩል ይጠረጠራሉ፤ ማን እንደ ነካው የሚያሳይ የእጅ ምልክት የለምና ንጹሑ ንጽሕናውን ማስረዳት አይችልም። ቁጥርን መደበቅ የሚጠቅመው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለታማኙም ወዳጅ ነው። ይህ በተለይ ለተማሪው ልጅ ይሠራል። የእናቱን ቁጥር የያዘ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ከቤቱ የጠፋ ገንዘብ ሁሉ ወደ እርሱ ሲያስዞር ይኖራል።

ከእነዚህ ነገሮች የተነሣ ወደ ቀድሞው ፊርማ እንመለስ የሚሉ አይጠፉም። ክርክራቸው ግን አያስኬድም። ለዋልዳው ፍየል ሻጭ የእጅ ፊርማ ከቶ አልነበረውም፤ የነበረው በቀለም የተነከረ አውራ ጣት፣ ያውም በሌላ ሰው በተነበበለት ወረቀት ላይ ነበር። ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንባቢና ያለ ጸሐፊ ገንዘቡን ራሱ እንዲያዝዝበት አስችሎታል፤ ራሱ ከነካው። በሌላ ሰው ጣት ከተነካ ግን ከቀድሞው የአውራ ጣት ዘመን የባሰ ነው፤ ያኔ ቢያንስ ጣቱ የራሱ ነበር።

ስለሆነም ሁለቱን ማጣላት አስፈላጊ አይመስልም። በኬንያ የኤም-ፔሳ ወኪሎች ዘንድ የቈየ ልማድ ነበር፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ቁጥሩን በስልኩ ይነካ፣ መታወቂያውን ያሳይ፣ ከዚያም በወኪሉ መዝገብ ላይ ይፈርም ነበር። ቁጥሩ በሩን ይከፍት ነበር፤ ፊርማው ማን እንደ ገባ ይመሰክር ነበር። አንዳንድ ሰው መዝገቡን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ለድንበር ከተማ ግን፣ ከሳሽ በአንዱ አገር ተከሳሽ በሌላው አገር በሚገኙበት ስፍራ፣ ከዚህ መዝገብ የተሻለ ርካሽ ማስረጃ አይገኝም።

ቁጥሩን በራስ ጣት መንካት ደግሞ ከመጻፍ እጅግ የቀለለ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ እናቶችንና አባቶችን ስማቸውን እንዲጽፉ አስተምሯል፤ ያን ጊዜ የሚጠናው ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ ነበር። በስልክ ላይ ያሉት አሥር አኃዞች ብቻ ናቸው፤ ቦታቸውም አይለዋወጥም። አምስት ቁጥር በመካከል ነው፤ ዜሮ ከታች ነው። ይህን አንድ ተማሪ ለእናቱ በጥቂት ምሽቶች ሊያስጠናት ይችላል። መጀመሪያ እርሱ በመረጠላት ቁጥር ትለማመዳለች። ጣቷ መንገዱን ከለመደ በኋላ ግን ያንን ቁጥር በሌላ መለወጥ አለባት። በዚያች ሰዓት ልጁ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ደጅ ማዞር ይኖርበታል።