በትውውቅ አይሆንም፤ ተዋናይ በፈተና ይመረጥ!

ውድ የጠመንጃ ያዥ ነዋሪዎች፤

ማኅበራችን ሊያሳየው ያሰበው ቴአትር ገና ተዋናይ ሳይመረጥለት ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ ገጥሞታል። አንደኛው ወገን «በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚያስቅ ቴአትር ነውር ነው፤ ይቅር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቀልድ አይደል እንዴ! ለቀልድ ምን ፈተና ያስፈልገዋል? ጨዋታ አዋቂ የሆኑትን ልጆች ጠርቶ ማስገባት ነው» ይላል። እኛ የማኅበሩ የኪነት ኮሚቴ አባላት ሁለቱንም አልተቀበልንም። ያልተቀበልንበትን ምክንያት በዚህ ሰሌዳ ላይ እናስረዳለን፤ የሚከራከረን ካለም በየጓዳው ማማቱን ትቶ ፊት ለፊት ይምጣ።

በመጀመሪያ የቴአትሩ ታሪክ ይታወቅ፤ ሳያነቡት የሚያወግዙት በዝተዋልና። አንድ አዛውንት ዘመድ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ከርመው ይመለሳሉ። እሳቸው በሌሉበት፣ በስም መመሳሰል ምክንያት፣ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፍቶባቸዋል፤ ድንኳን ተተክሏል፤ ንፍሮ ተቀቅሏል። በራቸው ላይ ሲደርሱ የገዛ ለቅሷቸውን ያገኛሉ። ቤተሰቡ እልል ሲል የዕድሩ ጸሐፊ ግን መዝገቡን ታቅፎ ይቆማል። መዝገቡ «ሞተዋል» ይላል፤ ገንዘቡም ወጪ ሆኗል። ስለዚህ ወይ የወጣውን ይመልሱ፣ ወይ በመዝገቡ መሠረት ሞተው ይቆዩ! ከዚህ ወዲያ ቴአትሩ የሚያሳየን አንድ በሕይወት ያለ ሰው መኖሩን በወረቀት ለማስረዳት ሲንከራተት ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ እዚህ ውስጥ በሟች የተሳቀው የቱ ላይ ነው? የሚሳቀው ከሰው ይልቅ መዝገብ በሚያምነው ላይ ነው። ከመካከላችን «ፋይልዎ የለም» ተብሎ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ያልዋለ ማን አለ? ደግሞስ በለቅሶ ቤት ሳቅ የለም ያለው ማነው? ሠልስት ሳይወጣ ድንኳን ውስጥ ካርታ የምንጫወት፣ የሟችን ጨዋታ እያነሳን የምንስቅ እኛው አይደለንም እንዴ? ያ ሳቅ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ሐዘንተኛውን እህል የሚያስቀምሰው እሱ ነው።

ይልቁንም የአማርኛ ቴአትር ራሱ የተወለደው በመራራ ሳቅ መሆኑን ልብ እንበል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ ዘመኑም 1913 ዓ.ም. ገደማ። አውሬዎችን እያናገረ የጊዜውን ሹማምንት ገበና ስላሳየ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ያ ሁሉ አልፎ ዛሬ ስለ አማርኛ ቴአትር የሚጻፍ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያው ከታገደው ነው። በቅርቡም በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን በተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ሕዝቡ እየሳቀ ነው ሕመሙን የሰማው። ጠመንጃ የያዘ ስም ተሸክመን ሳቅ እንፈራለን? ያሳፍራል!

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ለኛ ይበልጥ የሚያሰጋን ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ወዳጅ መስሎ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። «ቀልደኛ ካገኘን ይበቃል» የሚለው ሐሳብ መሠረቱ ስሕተት ነው። የሩሲያው ደራሲ ጎጎል «ዋናው ተቆጣጣሪ» የተባለውን ኮሜዲ በ1836 እ.ኤ.አ. በፒተርስቡርግ ሲያሳይ፣ ዋናውን ሰው የተጫወተው ተዋናይ ለማሳቅ ብቻ ስለተጣደፈ እጅግ አዝኗል። በኋላም ለተዋንያን ምክር ጽፏል፤ ፍሬ ነገሩ ተዋናይ ላሳቅ ብሎ ባሰበ መጠን ሳቁ እየራቀ፣ ማሳቅን በረሳ መጠን ሳቁ እየመጣ ይሄዳል የሚል ነው። የኛም አዛውንት እንደዚሁ ናቸው። ድንኳኑን አይተው «ማን ሞተብኝ?» ብለው ከልባቸው መደንገጥ አለባቸው። እሳቸው ሲደነግጡ ነው ተመልካች የሚስቀው፤ እሳቸው ለተመልካች ጠቀስ ካደረጉ ግን ነገሩ የሠርግ ቤት ቧልት ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ «ነውር ነው» የሚሉት ሰዎች እውነት ይሆንላቸዋል።

ስለሆነም ፈተናው ቀልድ በመናገር አይሆንም። እያንዳንዱ ተፈታኝ ያችኑ የድንኳኗን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነባል። መጀመሪያ እንደ ራሱ ስሜት ያነባል፤ ቀጥሎ «አሁን ደግሞ እየተቆጡ ሳይሆን እየተለማመጡ ያንብቡት» ተብሎ ሲታዘዝ ያንኑ ለውጦ ያሳያል። የተነገረውን ሰምቶ መለወጥ የሚችል ሰው ልምምድ ያሠለጥነዋል፤ መለወጥ የማይችል ግን ድምፁ ቢያምር፣ መልኩ ቢያበራ ምን ይረባናል? ገጹም አስቀድሞ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለዘመድ ተሹለክልኮ የሚሰጥ ወረቀት አይኖርም።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ እናድርግ። ባለፈው ጊዜ «ፈተና» ብለን ሰው ጠርተን ስናበቃ፣ ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ቀድሞ በቡና ላይ ተመርጠው ነበር። ስንቱ ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ቃሉን ሸምድዶ መጥቶ፣ በሁለት ደቂቃ «እንጠራዎታለን» ተብሎ ተሸኘ። እስከ ዛሬ አልተጠራም። ጥፋቱ የኛ ነው። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየሰፈሩ የነበሩትን የኪነት ቡድኖች ያስታወሰ ሰው ሁለቱንም ያስታውሳል። ከነሱ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ባለሙያ ወጥቷል፤ ነገር ግን የታዘዘውን ብቻ እንዲያወድሱ ስለተደረጉ ሳቃቸው ከላይ እየተፈቀደ የሚሳቅ ነበር። እኛ የመጀመሪያውን እንውሰድ፤ ሁለተኛውን እንተው።

አንድ ነገር ቀረን፤ እሱም የጠቡ ሁሉ ሥር ነው። «ሰፈሩን የለቀቀ ሰው አይፈተን» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቀርቧል። ኧረ ለመሆኑ ማን ወዶ ለቀቀ? በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ጎረቤት ከጎረቤት እንደተለያየ ሁላችንም አይተናል። ዛሬም ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው የዕድራቸውን ወርኃዊ የሚከፍሉ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ቀድመውን የሚደርሱ አሉ። ለቀብር «የኛ ናቸው» ብለን፣ ለቴአትር «ስማቸው ከመዝገብ የለም» ልንል ነው? እንዲህ ከሆነ ቴአትሩን መድረክ ላይ ማውጣት አያስፈልገንም፤ ጸሐፊውን እኛው ሆነን እየተጫወትነው ነው!

በመሆኑም የኮሚቴው አቋም ይኸው ነው፤ ቴአትሩ አይቀርም። ፈተናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በሕዝብ ፊት ይካሄዳል። ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ወጣት፣ እዚህ ያለውም የለቀቀውም ይፈተናል። ከአምስቱ ፈራጆች አንዱ ቴአትሩን ከሚቃወሙት አባቶች መካከል እንዲሆን ጠይቀናል። ነጥብ በጆሮ ሹክ አይባልም፤ እዚያው ጮክ ተብሎ ይነገራል። የኮሚቴ አባላት ልጆችም እንደ ማንኛውም ሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የተቃወማችሁ ሁሉ ኑ። ስቃችሁ ከሄዳችሁ እሰየው፤ ተቆጥታችሁ ከሄዳችሁም ምክንያቱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ አንቀደውም።

የኪነት ኮሚቴው